የወንዝ ሽታ ያለው ፒክአፕ

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። በእውነት የሆነ ነገር ነው። በዓይኔ ያየሁት፣ ከዓይኔ በፊት ደግሞ በአፍንጫዬ ያሸተትኩት ነገር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ።

እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሁልጊዜ በእኩለ ሌሊት ይጀምራል። መብራት ይጠፋል፣ ውሻ ያላዝናል። የኔው ግን የጀመረው ሰኞ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች። እጄ ግሪስ በግሪስ ሆኗል። ሬዲዮው ስለ እግር ኳስ ይለፈልፋል።

መካኒክ ነኝ። ሰው ግን ለሞተር ብሎ እኔ ጋ አይመጣም፤ ለሽታ ነው የሚመጣው። ስሜን ትተው "አፍንጫው" ይሉኛል። መኪና ውስጥ ምንጩ ያልታወቀ ሽታ ሲኖር ሌሎቹ ጋራዦች "በቃ አፍንጫው ጋ ውሰደው" ይላሉ። ሚስቴም ታሾፍብኛለች፤ ካንተ ጋር ትዳር መያዝ ከጉምሩክ ጋር መኖር ነው ትላለች።

ከባድ ጥበብ አይደለም። መኪናው ጣፋጭ ነገር ከሸተተ የራዲያተሩ ውኃ በማሞቂያው በኩል እያፈሰሰ ነው። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ባትሪው ከልክ በላይ እየሞላ ነው። የተቃጠለ ከሸተተ ወይ ፍሪሲዮን ነው፣ ወይ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ላይ ዘይት እየተንጠባጠበ ነው። ሻጋታ ከሆነ የኤሲው ውኃ መውጫ ተዘግቷል።

ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ስሠራ ምክንያት የሌለው ሽታ አላጋጠመኝም።

እስከዚያ ሰኞ ድረስ...

ፒክአፑ ተጎትቶ ነው የመጣው። ነጭ፣ ባለ ሁለት በር፣ በደንብ የተያዘ መኪና። ከሚጎትተው መኪና ደግሞ አንድ ሽማግሌ ወረዱ። በዚያ ሙቀት ግራጫ ካፖርት ለብሰው እስከ አንገታቸው ቆልፈውታል።

"ሞተሩ አይነሳም እንዴ፣ ጋሼ?" አልኳቸው።

"ይነሳል።"

"ፍሬኑ ነው?"

"ፍሬኑም ደህና ነው።"

"ታዲያ ለምን አስጎተቱት?"

"አርባ ዓመት ሹፌር ነበርኩ" አሉ። "ይሄኛው ውስጥ ግን አልገባም።"

እሳቸው ወደ ፒክአፑ ሳያዩ ቀጠሉ።

"ሽታ አለው ይባላል።"

"ምን ዓይነት ሽታ?"

"እኔ አይሸተኝም። ባለቤቴን ነው የሚሸታት።"

ሳቄ ሊመጣ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ዋጥኩት።

መኪናው የልጃቸው ነው። ብቸኛ ልጃቸው ነበር፤ እሱም እንደ አባቱ ሹፌር። ከስምንት ወር በፊት ውኃ ወሰደው፤ አስከሬኑም አልተገኘም። እናቱ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን፣ ግቢ ውስጥ የቆመው ፒክአፕ ውስጥ ትገባለች። ከሹፌሩ ወንበር ጎን ትቀመጣለች። መስታወቱን ትዘጋለች። እስኪመሽ አትወጣም፤ እህል የሚባል ነገርም በአፏ አይዞርም። ለምን ስትባል "ልጄ ይሸተኛል" ነው መልሷ።

"ሐኪሙ 'እንዲህ ከቀጠሉ ክረምቱን አይዘልቁም' ብሏታል" አሉኝ ጋሼ። "ሽታው ከጠፋ ትወጣለች። ካልጠፋ እሷንም አጣታለሁ። ልጄ... እባክህ አጥፋልኝ።"

አንጀቴን በሉት።

"መኪናው ውኃ ገብቶበት ነበር?"

"ጠብታ አልነካውም። ወንዙ ዳር፣ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ነው የተገኘው። ሞተሩ እንደበራ። በሩ እንደተከፈተ። ጫማው ፔዳሉ ሥር ነበር።"

የጫማውን ነገር ገባኝ። የገጠር መንገድ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ወንዝ ሲሞላ ሹፌሩ ጫማውን ያወልቅና ራሱ ገብቶ ጥልቀቱን በእግሩ ይለካል። ከጉልበት በታች ከሆነ መኪናው ያልፋል።

ጋሼ ሲሄዱ ሥራ ጀመርኩ። አሠራሬ ሁልጊዜ አንድ ነው። መስታወት እዘጋለሁ፣ ከሹፌሩ ጎን እቀመጣለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ትንሽ ሻጋታ አለ። ከሥሩ ስስ ጣፋጭ ሽታ። ደስ አለኝ፤ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው።

ከውጭ ሬዲዮው አራት ሰዓት መሆኑን ተናገረ።

ያኔ ጋቢናው ቀዘቀዘ...

መጀመሪያ የመጣው ጭቃ ነው። ከዚያ ከሥሩ የተነቀለ ሣር። ከዚያ ድንጋይ፣ ብዙ ዘመን ፀሐይ ያላየ ድንጋይ። የሞላ ወንዝ ሽታ ነው። በመስኮት እንደሚገባ ሽታ ቀስ እያለ አልመጣም። ዝናብ የመታው ሰው በር ከፍቶ ሲገባ እንደሚሸተው ነው ባንዴ የሞላው።

በር ግን አልተከፈተም።

ከጎኔ ድምፅ ሰማሁ። የሹፌሩ ወንበር ስፖንጅ... ቀስ ብሎ... ሰው ሲቀመጥበት እንደሚተነፍሰው ተነፈሰ።

ዓይኔን አልገለጥኩም። በሩን በዳበሳ ከፍቼ ወጣሁ። እንዴት እንደወጣሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ሰው ግን ራሱን ለማታለል አያንስም። ስፖንጅ ሲሞቅ ድምፅ ያወጣል አልኩ። ምንጣፉ የሆነ ቦታ ውኃ ይዟል አልኩ። ቀኑን ሙሉ እንደ እብድ ሠራሁ። የኤሲውን መውጫ ከፈትኩ። የማሞቂያውን ቱቦ ቀየርኩ። ምንጣፉን ነቅዬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ወለሉ ደረቅ ነበር፤ ዝገት እንኳ የለውም። የመስታወቱን ጎማ እንደ አዲስ አጣበቅኩ። ማታ በሩን ስከፍት ንጹሕ መኪና ነው የሸተተኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሼን ጠራኋቸው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛውንም ጠራሁት፤ እኩያዬ ነው፣ ከቅጥነቱ የተነሳ "ሽቦ" ነው የምንለው። ምስክር ይሁነኝ ብዬ ነው።

ከአራት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው በሩን ከፈትኩ።

"ምን ይሸትሃል?" አልኩት።

ሽቦ አንገቱን አስገባ። "ሳሙና። ሌላ ምንም።"

ቆየን...

አራት ሰዓት ሲሆን ሽቦ ወደኋላ ዘለለ። አፍንጫውን በክንዱ ሸፈነ።

"ወንዝ ነው" አለ በሹክሹክታ። "ምንድነው ያመጣህብን፣ አንተ ሰው?" መልሴን አልጠበቀም። ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ራሱ ክፍል ሄደ።

ጋሼ ግን እዚያው ነበሩ። ስምንት ወር ሙሉ ያልተጠጉትን ጋቢና ጠርዙን ይዘው ጎንበስ አሉ። በረጅሙ ሳቡ። ደግመው ሳቡ። እኔ በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ጉሮሮዬን የሚዘጋኝ ሽታ እሳቸው ጋ አልደረሰም።

"ላስቲክ ነው የሚሸተኝ" አሉ። "ላስቲክ ብቻ።"

ከዚያ ጎማ ላይ ተቀመጡና ለማንም ያልነገሩትን ነገሩኝ።

"ያን ቀን ስልክ ደውሎልኝ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ። 'አባዬ፣ ውኃው ሞልቷል፣ እስኪጎድል እዚሁ ልደር?' አለኝ። እኔ ቤት ነኝ... ዝናብ ስለሆነ ገና ብርድ ልብስ ውስጥ። 'ፈሪ' አልኩት። 'ውኃ በእግር ይለካል፣ ጫማህን አውልቅ' አልኩት። ሳቀና ዘጋው።"

"እማማ ያውቃሉ?"

"በምን አፌ? ለማንም አልነገርኩም።" ካፖርታቸውን ሳብ ሳብ አደረጉት። "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እናቱን ይሸታታል። አንተን ይሸትሃል። ያን ቀጭን ሰውዬ እንኳ ሸተተው። እኔን ግን... አስቀይሜዋለሁና አይሸተኝም።"

ማጽናናት አልችልበትም፤ መፍታትና መግጠም ነው የምችለው።

ረቡዕ የመጨረሻ ዘዴዬን ተጠቀምኩ። ሽታ ከየት እንደሚመጣ አልታወቅ ሲለኝ አምስት ንጹሕ የጥጥ ጨርቆች በየቦታው አስቀምጣለሁ። አንዱን ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ሁለቱን ወለሉ ላይ በግራና በቀኝ፣ ሁለቱን ወንበሮቹ ላይ። በሩን ቆልፌ ከቆየሁ በኋላ እያንዳንዱን ለብቻው ፌስታል ውስጥ አስሬ፣ ከመኪናው ርቄ አሸተዋለሁ። ጨርቅ አይዋሽም።

በአራት ሰዓት ተኩል በሩን ከፈትኩ። አራቱ ደረቅ ናቸው፤ ጨርቅ ጨርቅ ይሸታሉ።

አምስተኛው የሹፌሩ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት ነው። ሳነሳው ከበደኝ። ጨመቅኩት። ቡናማ ውኃ በጣቶቼ መሃል ፈሰሰ። መዳፌ ላይ አሸዋ ቀረ።

ወንበሩን ዳሰስኩት።

ደረቅ ነው...

ግን መካኒክ ነኝ፤ ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ካወቅኩ አወጣዋለሁ። አራት ብሎን ነው የያዘው። ፈታሁትና ብድግ ላደርገው ስል አልነቃነቅ አለኝ። ያን ዓይነት ወንበር ለብቻዬ ስሸከም ነው የኖርኩት። ሽቦን ለምኜ አመጣሁት። ለሁለት ተሸክመን፣ እየተንገዳገድን፣ ከጋራዡ ጀርባ የድሮ ዕቃ የምንጥልበት ቦታ አደረስነው። ግድግዳ ሥር፣ የተሰበሩ በሮችና ያለቁ ጎማዎች መሃል ጣልነው።

መንገድ ላይ ሽቦ አንድ ነገር ብቻ አለ።

"ቀስ..." አለ። "ቀስ እንያዘው።"

ለምን እንደዚያ እንዳለ አልጠየቅኩትም።

በወንበሩ ቦታ ከወዳደቀ መኪና የተነቀለ ሌላ ወንበር ገጠምኩ። ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ጋቢናው ውስጥ ሰዓቴን ይዤ ተቀመጥኩ። አራት ሆነ። አራት ከሩብ ሆነ። ምንም የለም። ሳሙናና አሮጌ ቆዳ ብቻ ነው የሚሸተው። ጋሼ መጥተው ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ትከሻዬን ሳሙት። ቁልፉን ስሰጣቸው ራሳቸው ጋቢና ገብተው መኪናውን ነዱት። ሃያ ሁለት ዓመት ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ይበልጥ ያኮራኝ የዚያ ቀኑ ነበር።

ኩራቴ አንድ ሌሊት ነው ያደረው።

ዓርብ፣ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ አንዲት እናት የጋራዡን በር ገፍተው ገቡ። ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። ክንዳቸው የሕፃን ክንድ ያህላል። በእግራቸው ነው የመጡት። ማንነታቸውን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

"ደህና አደርክ፣ ልጄ" አሉኝ በለሆሳስ። ቁጣ የለባቸውም። "የት ጣልከው?"

ክው አልኩ። "ምኑን፣ እማማ?"

በመኪኖቹ መሃል አልፈው፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው፣ ቀጥ ብለው ወደ ጀርባ ሄዱ። ተከተልኳቸው። ጎማዎቹን ተሻግረው ወንበሩ ጋ ደረሱ። መቀመጫውን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ከዚያ የድሮ ባትሪ ሳጥን ስበው ከወንበሩ በስተቀኝ አስጠጉና ተቀመጡ። ልክ መኪና ውስጥ እንደሚቀመጡት።

እፍረት ገደለኝ። የሰው ልጅ ቆሻሻ ላይ የጣልኩ ያህል ተሰማኝ።

አራት ሰዓት ሆነ።

ሽታው መጣ...

በጠራራው ፀሐይ፣ አየር በሚነፍስበት ሜዳ ላይ። የእማማ የግራ ትከሻ ጨርቅ ቀስ እያለ ጠቆረ። የረጠበ የሰው ራስ ሲደገፍበት የሚያክል ቦታ ያህል ረጠበ። እሳቸው አልደነገጡም። ጉንጫቸውን ወደዚያ ዘንበል አደረጉ።

ከኋላዬ ትንፋሽ ሰማሁ። ጋሼ ናቸው፤ ቤት ሲያጧቸው ሮጠው ነው የመጡት። ያንኑ ካፖርት ለብሰው ባርኔጣ አድርገዋል።

"ተነሺ" አሉ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። "በእኔ ሞት፣ ተነሺ። ልትሞቺብኝ ነው?"

"እኔን አይደለም የሚፈልገው" አሉ እማማ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

"ምን?"

"በየቀኑ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። መልሱ እኔ ጋ የለም። አንተ ትገባለህ ብዬ ስምንት ወር ጠበቅኩህ። አልገባህም።"

"ምንድነው... የሚጠይቅሽ?"

እማማ ያኔ ቀና አሉ።

"'አባዬ አሁንም ፈሪ ይለኛል?' ነው የሚለኝ።"

ጋሼ ዞረው አዩኝ። ያ አስተያየት እስካሁን ከፊቴ አይጠፋም። ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩ። እኔ አልነገርኳቸውም። ከእማማ ጋር ከዚያ ቀን በፊት ተያይተን አናውቅም።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። በተሰበሩት በሮች መሃል አልፈው ባዶው ወንበር ፊት ቆሙ። ወንበሩን አልነኩትም።

"ፈሪ አይደለህም" አሉ። "ፈሪስ እኔ ነኝ... ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ነው ያን ያልኩህ። ጥፋቱ የኔ ነው። ማደር ነበረብህ። እደር ማለት ነበረብኝ..."

እንደዚያው ቆመው ጠበቁ። አየር በረጅሙ ሳቡ፤ እኔን እያነቀኝ ያለውን አየር።

ጠበቅን...

"ምንም አይሸተኝም" አሉ በመጨረሻ። እንባቸው እስከ አገጫቸው ወረደ። "አልታረቀኝም። ለኔ አይመጣም።"

እማማ ተነሱ። ማንም ሳይደግፋቸው፣ በራሳቸው ጉልበት ተነሱ። አየሩን አሸተትኩ። አቧራ ነው፤ የፀሐይ አቧራ። ወንዙ የለም። የእማማ ትከሻም ደርቋል።

"ቤት እንሂድ" አሉ።

"ትመጪያለሽ?"

"እመጣለሁ። ራበኝ።"

ጋሼ ያችን ቃል ሲሰሙ ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ። ስምንት ወር ያልሰሟት ቃል ናት። ከዚያ ክንዳቸውን ሰጧቸው። እማማ ግን ክንዱን አልያዙም፤ "ቅደም" አሏቸውና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀሩ። ጋሼ በአጠገቤ አለፉ። ካፖርታቸው ከፊት እንደተቆለፈ ነው፣ ደረቅ ነው።

ጀርባቸውን ያየሁት ሲያልፉ ነው።

ሁለት እርጥብ ክንዶች...

አንዱ ከትከሻቸው ወደ ታች፣ ሌላው ከጎናቸው ወደ ላይ። ሰው ከፊት ለፊት አጥብቆ ሲያቅፋችሁ እጆቹ ጀርባችሁ ላይ የሚያርፉበት ቦታ ነው። ግራጫው ጨርቅ ላይ ጣቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ከጣቶቹ ጫፍ ቡናማ ውኃ ጠብ ይላል።

አፌን ከፈትኩ። እማማ ቀደሙኝ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"እንዳትነግረው" አሉ በሹክሹክታ።

"እማማ... ማወቅ አለባቸው እኮ..."

"ካወቀ ካፖርቱን ያወልቃል። ካወለቀው ልጄ ምኑን ይይዛል?"

ከጋራዡ በር ላይ ቆሜ ተመለከትኳቸው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጋሼ ከፊት፣ ብቻዬን ነኝ ብለው እያለቀሱ፣ እማማ ከኋላ። መንገዱ ዳር ያለ ነገር ሁሉ ከሙቀቱ የተነሳ ይርገበገባል። ጋሼ ጀርባ ላይ ያለው ውኃ ግን አልደረቀም።

መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ጋሼን ድንጋይ አደናቀፋቸው። ወደ ፊት ሊወድቁ ነበር።

አልወደቁም።

ጀርባቸው ላይ ያሉት ጣቶች ጠበቅ ሲሉ አየሁ።